መኪና ውስጥ እንቁላል የታቀፈችው ዶሮ

«ወይኔ እጄን!» አለና መካኒኩ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ሥር ሊጠርግ እጁን ቢሰድ፣ የጠፋችው የሚስቱ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ነቆረችው። ሚስቱ ሳምንት ሙሉ ጎረቤቱን ሁሉ የጠረጠረችባት ዶሮ! ለካ በተሰበረው መስኮት እየገባች ስትጥል ከርማ፣ አሁን እንቁላሎቿን ታቅፋ ተደላድላለች።

ምን ዓይነት ቀን መረጠች! የሰፈሩ ሰው መካኒኩን «ነገ» እያለ ነው የሚጠራው። መኪናዬ መቼ ይደርሳል ሲሉት ሌላ መልስ አያውቅማ። ዛሬ ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠረው ቀን ጨርሷል። ጠዋት ለሚስቱ «ዛሬ ካላስረከብኩ አንቺም ነገ ብለሽ ጥሪኝ» ብሎ ምሎ፣ «እስካሁን ማን እያልኩህ ነበር?» ብላ ስቃበታለች።

የመኪናዋ ባለቤት አዋላጅ ናት። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ከተፍ አለች።

«ብቻ ነገ እንዳትለኝ!»

«ሲስተር ይሙቱ፣ የሞተሩ ሥራ አልቋል። ግን ኋላ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች።»

«አበዛኸው! ባለፈው ዕቃ የለም፣ ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ዛሬ ደግሞ ዶሮ?» ጎንበስ ብላ አየች። ሳቋ መጣ። «እሺ፣ ግን እንቁላሉ ባዶ ቢሆንስ? አንድ አውጣ።»

አወጣ፤ ዳግመኛም ተነቆረ። አዋላጇ የስልኳን መብራት እንቁላሉ ላይ ደገነች። ቅርፊቱ ቀላ። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ክሮች እንደ ሥር ተዘርግተዋል፤ መሀላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ነጥቧ ንቅንቅ አለች።

«ውይ! አየኸው?» አለች። «ክሮቹ የደም ሥሮቹ ናቸው። ጥቁሯ ዓይኑ ናት።»

«ይቺን የምታክል ነገር ዓይን አላት?»

«ልቡማ ገና ድሮ መምታት ጀምሯል።»

መካኒኩ ሆዱ ባባ። እንቁላሉን ሳይበርደው ቶሎ መለሰ። ዶሮዋን ቢያነሳት በርግጋ ጥላቸው ትሄዳለች። ካላነሳት ደግሞ ያቺ አንዲት ቃሉ አፈር በላች።

«ሲስተር፣ ቃል ቃል ነው ካሉ አነሳታለሁ» አለ።

«እኔ እናት ከአልጋዋ አስነስቼ አላውቅም!» ጋውኗን ዘረጋችና የተሰበረውን መስኮት ጋረደችበት። «ነፋስ ይገባባታል። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ።»

«ታዲያ መኪናዋ መቼ ትወሰዳለች ልበል?»

«ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ። ቀን ቆርጬ ለማንም እናት ነግሬ አላውቅም፤ አንተም አትንገር።»

ሚስቱ ከቤት ውስጥ ተጣራች፦ «አንተ ሰውዬ! አስረከብክ?»

መካኒኩ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ማንም ሳያስበው መኪናዋን እንዳያስነሳት፣ ጠዋት በኩራት ያሰረውን የባትሪ ገመድ ፈታው።

«ነገ!» አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ።