መዘውሩ የነበረበት ግድግዳ

አንድ ሰው ለማያምንበት ነገር አሳምሮ ቢሟገት፣ ያ ንግግር የማን ነው? የተናገረው ሰው ነው ወይስ ሰምቶ የወደደው?

አንዲት የጌም ደራሲ፣ ሩቅ አገር ፍልስፍና ስትማር ይህን ብትጠየቅ ኖሮ ጥቂት ገጽ ጽፋ፣ ጥሩ ውጤት አግኝታበት፣ በማግስቱ ትረሳው ነበር። አሁን ግን ጥያቄው እንደ አሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል። እኛም መልሱን አናውቅላትም፤ የሆነውን ግን እንናገር።

የጠራት ታላቅ ወንድሟ ነው። ፕሮግራመር ነው፤ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የቪዲዮ ጌም ይሠራል። "እዚያ ሆነሽ ስለ ነፃነት የምታስተምሪው ለማን ነው?" አላት በስልክ። "ነፃነት አንገሽግሿቸው ለሚያዛጉ ልጆች! ይልቅ ነይና ጌም እናድርገው።" እሷም ድሮውንም አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት፣ የተቀመጠችበት የሚፋጃት ሰው ናትና፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። ስትመጣ ተጠራጥራ ነበር። የማትጠራጠረው ነገር ስላልነበረ ግን ከቁብ አልቆጠረችውም። ተጠራጥራው የማታውቀው ወንድሟን ብቻ ነው።

ጌሙ እንዲህ ነው። አየር በሌላት ፕላኔት ላይ፣ በመስታወት ጉልላት ሥር፣ አንዲት ከተማ አለች። አየሩን የምታመርተውም የምታከፋፍለውም ሞግዚት የምትባል ማሽን ናት። ሞግዚት ክፉ አይደለችም፤ ደራሲዋ በዚህ አትደራደርም ነበር። መጀመሪያ ላይ ሞግዚት ነዋሪውን ሳታማክር ምንም አታደርግም። ሰዎቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ስብሰባው ይረዝማል፣ ይሰለቻቸዋል። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ሳታማክራቸው ትወስናለች፤ ማንም አይከፋውም። እንዲያውም እፎይ ይላሉ። በመጨረሻ ተጫዋቹ ከከተማዋ ጥግ፣ ከአንድ አሮጌ የእጅ መዘውር ፊት ይደርሳል። ካዞረው አየሩ ከሞግዚት ወጥቶ በሰዎች እጅ ይገባል። ሰዎች ደግሞ ይሳሳታሉ፤ አንድ ሰፈር ይታፈናል፣ የሚሞት አለ፣ ጌሙም አይደብቀውም። ካላዞረው ሁሉም በሰላም ይተኛል። ለእሷ የጌሙ ነፍስ ያለችው መዘውሩ ላይ ነበር። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ድካም ልጅ ማስተኛ ተረት ነው።

አሠራራቸው ሌላ ቤት የሌለ አሠራር ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ሲወጣ፣ የክፍሉ መስኮት መንቀጥቀጡን ሲተው፣ ለሙግት ይቀመጣሉ። የሚሽከረከረው ወንበር የሞግዚት ነው፤ ባለ ሦስት እግሯ ዱካ የሕዝብ። ስልክ በተደፋ ኩባያ ላይ አስደግፈው ይቀዳሉ፤ ጥሩ ጥሩው ንግግር ጌሙ ውስጥ ይገባላ። ሆን ብሎ መሸነፍ ክልክል ነው። ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ሞግዚት የነበረው ሕዝብ ይሆናል፣ ሕዝብ የነበረው ሞግዚት። ቦታ ሳይቀያየሩ የተነሱበት ሙግት እንደ ሙግት አይቆጠርም።

ወንድሟ ሞግዚት መሆን አልሆነለትም።

"እንደ አውቶብስ ረዳት ነው እኮ የምትጮኸው!" ትለዋለች። "ሞግዚት አትጮህም። አየሩ በእጇ ያለ ሰው ምን ያስጮኸዋል?"

"እሺ ፈላስፋ፣ አሳዪና።"

አሳየችው። አንድ ቀን የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተደላድላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ "ልጆቼ፣ ከእናንተ የወሰድኩት ነገር የለም። የከበዳችሁን ነው የተሸከምኩላችሁ። ምረጡ ስላችሁ ተጣላችሁ፤ እኔ ስመርጥ እንቅልፍ ወሰዳችሁ። እስቲ ከመካከላችሁ እንቅልፉን የሚጠላ ይነሳ።"

ማንም አልተነሳም። ጥግ ላይ የምትሠራው ሰዓሊ፣ የጉልላቱን ከተማ ቤት በቤት የሣለችው ሴት፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን ወደ ላይ አነሳች። "እኔ እጄን ሰጥቻለሁ ፈላስፋዬ። አየሩን ያዢው፤ ለእኔ ደሞዝ ብቻ እንዳይዘገይ።"

ሳቁ። ወንድሟ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ዱካዋ ላይ ቆየ። እሷን ራሷን ንግግሩ አስደስቶ አስፈራት። ሩቅ አገር ሳለች እኮ እንዲህ ነበር የኖረችው፤ ሁሉ ነገር በሰዓቱ ሲመጣ፣ የማታውቀው ሰው ሲወስንላት፣ እሷም ደህና ስትተኛ።

ቆይቶ አንድ ትልቅ ድርጅት መጣ። ጌሙን በስልክ ላይ ጭኖ፣ በየትምህርት ቤቱም አስገብቶ፣ ለሚሊዮን ሰው ሊያደርስላቸው ፈለገ። ወንድሟ የተተኮሰ ሸሚዝ መልበስ ጀመረ። ከስብሰባ ሲመለስ የሚያመጣት ቃል ሁልጊዜ አንድ ናት፤ "ትንሽ ማስተካከያ።"

"መዘውሩስ?" ትላለች።

"መዘውሩ አይነካም።"

"ማልልኝ።"

"እማዬ ትሙት! መዘውሩ አይነካም አልኩሽ። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?"

ሌላ ሰው ቢምልላት ትመራመር ነበር። ለእሱ ግን ጥርጣሬዋን እንደ ካፖርት አውልቃ በር ላይ ሰቀለችለት። የሞግዚትን ድምፅ አንዲት የታወቀች ተዋናይት እንደምትሠራው ሲነግራትም፣ "ጥሩ፣ ቀስ ብላ ትናገር በላት" ብላ አለፈች።

ጌሙ የተመረቀው ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሮቹ በነጭ ጨርቅ በተሸፈኑበት አዳራሽ ነው። እሷ ከእናቷ ጋር የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ስለ ጌም የምታውቀው ልጆች ዓይናቸውን እንደሚያጠፉበት ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ የልጆቿ ድካም ነውና አዲሱን ሻርፗን አድርጋለች። መድረኩ ላይ ወጥታ የምትጫወተው ሰዓሊዋ ነበረች። ደራሲዋ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ ሰዓሊዋ አየቻትና ዓይኗን ሰበረች።

ትልቁ ስክሪን ላይ ተጫዋቿ ጎዳናዎቹን አለፈች፤ የከተማዋ ጥግ ደረሰች። መዘውሩ መኖር ባለበት ቦታ ግድግዳ አለ። ለስላሳ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ አበባ የተሣለበት ግድግዳ። ተጫዋቿ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ድምፅ መጣ፦

"ልጆቼ፣ ከእናንተ የወሰድኩት ነገር የለም..."

መጀመሪያ ተዋናይቷ የእሷን አነጋገር የኮረጀች መስሏት ነበር። ከዚያ "እንቅልፉን የሚጠላ ይነሳ" ከሚለው በኋላ፣ በሩቁ፣ የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሲነሳ ሰማች። ጎሚስታው ከምሳ ሲመለስ ነው። ስልኩ የቀዳው የራሷ ድምፅ ነበር።

እናቷ ክንዷን ጨመቀቻት። "አንቺ ነሽ እንዴ? ያንቺ ድምፅ እኮ ነው! ውይ፣ እንዴት ያምራል የኔ ልጅ። ጌም እንዲህ የሚመክር ከሆነማ ልጆቹ ይጫወቱ!"

አዳራሹ አጨበጨበ። የድርጅቱ ሰው ማይክራፎኑን ይዞ፣ "ደራሲዋ፣ የሞግዚትም ድምፅ የሆኑት እህታችን እዚህ አሉ፤ እባክዎ ይነሱልን" አለ። ተነሳች። ለምን እንደተነሳች ቆይቶ ብትጠየቅም አታውቀውም። ጉልበቷ ነው የተነሳው። ጭብጨባው ሲበረታ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች፤ ከዚያ ወንድሟን ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ኮሪደር ላይ አገኘችው።

"መዘውሩ የት ሄደ?"

"እዚህ አይሆንም፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! መዘውሩ የት ሄደ?"

"ልጆች ናቸው የሚጫወቱት አሉ። ሰው የሚታፈንበት ነገር ለልጅ አናሳይም አሉ። ምን ልበላቸው?"

"እምቢ ነዋ። አፍህን አልሰፉት! እማዬ ትሙት ብለህ ነው እኮ የማልክልኝ።"

ሸሚዙን ነካካ፤ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ቀስ ያለ። "የምነግርሽን ስሚኝ። ያን ቅጂ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መኪና ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ገላዬን ስታጠብ። የምመልስለት ቃል አጣሁ። ድርጅቱ አይደለም ያሳመነኝ፤ አንቺ ነሽ። ተዋናይቷ እንዳንቺ አልሆነላትም፤ ካልሽው ውስጥ አንዲት ቃል አልነካሁም።"

"ሙግት ነበር! የወንበሩን ነው የተናገርኩት። ስንቀያየር ዱካዋ ላይ ሆኜ ያልኩትንስ ለምን አልሰማኸውም?"

"የዚያን ቀን አልተቀያየርንም።"

"ሁልጊዜ እንቀያየር ነበር!"

"ሻይ አልጠጣንም" አለ። "ሰዉ ሳቀ፣ አንቺ ቦርሳሽን አንስተሽ ወጣሽ። አሸንፈሽ ነበራ። ተቀምጬ ጠብቄሽ ነበር እኮ፤ ተመልሰሽ ታፈርሺዋለሽ ብዬ።"

እውነቱን ነው? ደስ ብሏት እንደወጣች ታስታውሳለች፤ ሻዩን ግን አታስታውስም። ውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር። በውሸት የወጋህን ሰው ትሰድበዋለህ፤ የራስህን ቃል አንስቶ የወጋህን ምን ትለዋለህ?

"ብትጠይቀኝ እመልስልህ ነበር" አለችው። "ጎንህ ነበር የምቀመጠው።"

እሱ ግን የድርጅቱ ሰው ሲጠራው "መጣሁ!" ብሎ ሄደ።

ደረጃው ላይ ሰዓሊዋ ደረሰችባት። "ፈላስፋዬ፣ እኔ ግድግዳውን ብቻ ነው የቀባሁት። ቅቢ አሉኝ፣ ቀባሁ።"

"ከግድግዳው ጀርባ ምን እንደነበር አታውቂም?"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው አበባ ያበዛሁበት" አለችና አለቀሰች። ደራሲዋ ልታጽናናት አልቻለችም፤ ልትሰድባትም አልቻለችም።

ታክሲ ውስጥ ለእናቷ ነገረቻት፤ ስለ መዘውሩ፣ ስለ መሐላው። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና ሳቀች። "በእኔ ነው የማለልሽ? በዚህ ልጅ መሐላ ስንቴ ሞቻለሁ መሰለሽ! ገና ሱሪ መታጠቅ ሳይችል ነው መግደል የጀመረኝ።" ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ወንድምሽ ነው ግን" አለች። "ለአንድ ግድግዳ ብለሽ ቤት አታፍርሺ።"

"እኔ ነኝ ያፈረስኩት እማዬ?"

እናትየዋ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ጌሙ በማግስቱ ጠዋት ስልኮች ላይ ይጫናል ተብሏል። ሲነጋጋ፣ ጀምበር ሳትበረታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ረጅም ጻፈች፤ ሞግዚትን በየአንቀጹ የሚረታ ሙግት። መሐል ላይ ግን እጇ በልማድ ወደ ሞግዚት ወገን ዞረና የወንድሟን መልስ መጻፍ ያዘች፤ ከራሷ ይልቅ የእሱ ቀለል ብሎ ይመጣላት ነበር። ደነገጠችና ሁሉንም አጠፋችው። ስድብ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋች። ስለ ጉልላቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናታቸው ሁሉ ሞከረች። በመጨረሻ የቀረላት ይህ ብቻ ነበር፤ ላከችው፦

"ወንድምዬ፣ ቃሉን ውሰደው፤ ይሁንልህ። ድምፄን ግን አውጣልኝ።"

መልእክቱ ደረሰ። ተነበበ። ከስሙ ሥር "እየጻፈ ነው" የምትለው ቃል ብቅ አለች፤ ጠፋች። እንደገና ብቅ አለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ቃሏ ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰችም።