የቆሙት ሽማግሌዎች

አሞጽ መልእክቱን የጻፈው ሰኞ ዕለት ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት በእግዚአብሔር ስም ሰርቨሩን አትንኩብኝ። ለእህቴ ሽማግሌ ይመጣል፤ በአባታችን ቦታ ሆኜ የምቀበለው እኔ ነኝ።» አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ባልደረባው ኤፍሬም «ችግር የለም ወንድሜ፤ ላንተስ መቼ ነው?» ብሎ ቀልዶ መለሰለት። አሞጽ ቀልዱን እንደ መሐላ ቆጠረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አሞጽ በሚዛን ተፈሪ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሌላ ባለሙያ የለም። ቴፒ በኩል ያለው የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያም በእሱ እጅ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ግን ቡናው የሚመዘገብበትን ሲስተም እንደ ሸሚዝ ይቀያይሩታል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሚሠራውን ሌላው አያውቅም፤ «አሻሽለናል» የሚለው ማስታወቂያ የሚደርሰውም ሁሉም ነገር ከቆመ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

በዚህ ምክንያት አሞጽ ከስልኩ ተለይቶ አያውቅም። ሠርግ ተጠርቶ ይቀራል፤ ለቅሶ ቤት ደርሶ ሳይቀመጥ ይመለሳል። ዕድር አልገባም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ስብከቱ ሳያልቅ ተጠርቶ ይወጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰዎች ይጠሩት ነበር፤ ኋላ ተዉት። እሱም ብቸኝነቱን ሥራ ብሎ ጠራው።

ያለችው እህቱ ሐሴት ብቻ ናት። እናትና አባታቸው ማጂ ከተቀበሩ ወዲህ አብራው ትኖራለች። ሸኮ የሚያስተምር አንድ መምህር ትወዳለች፤ ሽማግሌ የሚልከውም እሱ ነው፤ ስሙ ሲነሳ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። የሚቀረው የወንድሟ አንድ ቃል ነበር።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐሴት እንደ ደንቡ ጓዳ ገባች። መሪያቸው ጋሽ ማቴዎስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ተደረደሩት ወንበሮች አዩ። ከሙሽሪት ወገን ከአሞጽ በቀር ሰው አልነበረም።

«ሌሎቹ ይመጣሉ?» አሉ።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ማቴዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዝምድና ፈልገን መጥተናል።» ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ «ተቀመጡ» እስኪባል ቆሞ ነው የሚጠብቀው። «ተቀመጡ» ማለት በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። አሞጽ አፉን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጮኸ። ከማጠቢያ ጣቢያው ጣይባ ናት፤ የገበሬውን ቡና የምትመዝነው። ጣይባ ያለ ነገር አትደውልም።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

«ሲስተሙ ሚዛኑን አላውቅህም አለው!» አለች ጣይባ። «ገበሬው ተሰልፏል፤ እሸቱ በጆንያ ውስጥ መሞቅ ጀምሯል። ዛሬ ካልተፈለፈለ ተበላሸ ማለት ነው። ወላሂ፣ አንድ አባት ጆንያቸውን አቅፈው ሊያለቅሱ ነው።»

ጣቢያው ያለ ሲስተሙ አንድ ኪሎ አይቀበልም። አሞጽ ኤፍሬም ጋ ደወለ።

«ኧረ አጠገቤ ያለው አልአዛር ነው አዲሱን የጫነው!» አለ ኤፍሬም። «አልነገርኩትም እንዴ?»

የሰው ልጅ በሰው ቀን ላይ እንዲህ ይቀልዳል! አሞጽ ሊሳደብ ቃጣውና ጊዜ አጣ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የቀድሞውን ሲስተም መልሶ መጫን ጀመረ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹን ረሳቸው ማለት አይቻልም፤ አሁን እጨርሳለሁ፣ አሁን እጨርሳለሁ ሲል ነው የቆየው። በመጨረሻ ጣይባ «ሠራ! አላህ ይስጥህ!» ብላ ጮኸች። ደስ አለው። ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ሐሴት መሀል ቤት ቆማለች።

«ሄዱ» አለችው። «ጋሽ ማቴዎስ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ግድግዳ ተደግፈው ጠበቁህ። ከዚያ ‹ልጁ ተቀመጡ ማለት ከብዶታል፤ መልሱ ይኸው ነው› አሉ።»

«ሮጬ እደርስባቸዋለሁ።»

«መንገድ ላይ ልታስቆማቸው? ነውር በነውር ላይ! ሽማግሌ የሚመለሰው በሽማግሌ ነው። ሄደው ይቅርታ የሚጠይቁልህ ሰዎች ላክ።»

አሞጽ ስልኩን ከፍቶ ስሞቹን ወደ ታች ይገፋ ጀመር። ጣይባ ሚዛን። ናስር ጀነሬተር። ኤፍሬም ሰርቨር። አልአዛር ሰርቨር። ወደ ላይ መለሰው፤ እንደገና ወደ ታች። ከነዚህ ሁሉ አብሮት ምሳ በልቶ የሚያውቅ አንድ ሰው አጣ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አቶ ታምሩ ትዝ አሉት፤ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ግን አሞጽ ሰርቨር ሲያስነሳ ውሎ ቀብር አልወጣም። ኋላም አፍሮ ሳይሄድ ቀረ።

ሐሴት እጁን አየችና እንባዋ መጣ።

«ለኔ አይደለም» አለች። «እሱ ይወደኛል፤ ምናልባት ይመለሱልኝ ይሆናል። ያዘንኩት ላንተ ነው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማንን ጠርቼ ነው የምቀብርህ?»

አሞጽ ስልኩን ወንበር ላይ ትቶ ወጣ። የአቶ ታምሩን በር አንኳኳ። በሩ ተከፈተ። አቶ ታምሩ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ዓይናቸውንም ጠበብ አድርገው እንደገና አዩት።

«ማንን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?» አሉት።