አራት መቶ ፈረስ

ሾፌሩ ከቀዩ የስፖርት መኪና አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ ወገቡ አልታዘዝ አለውና በሩን ይዞ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዕድሜ ልኩን የነዳው የጭነት መኪና ጀርባውን ቅርጽ አስይዞታል፤ ሚስቱማ "ተኝቶም መሪ ይጠመዝዛል፣ ትናንት በእንቅልፉ ከአልጋው ጫፍ እስከ ግድግዳው ወሰደኝ" እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ጡረታ በወጣ በወሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ መኪና ሊገዛ ሚስቱንና አማቹን ይዞ ወደ መኪና መሸጫው መጥቷል። የሚያስፈራው ዋጋው አልነበረም። ያ ሁሉ ጭነትና አቧራ የመንዳት ፍቅሩን ጠራርጎ በልቶት እንደሆነስ? ቀዩን ሲሞክረው ምንም አልተሰማውም። መኪናው ራሱ ይፈተለካል፣ ራሱ ይይዛል፤ እሱ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ ተመለሰ።

አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው የልጁ ባል ግን ፊቱ በርቷል።

"አባባ፣ አራት መቶ የፈረስ ጉልበት ነው እኮ። ከዜሮ ተነስቶ መቶ የሚገባው በአራት ሰከንድ።"

"አራት መቶ ፈረስ ማን ያበላል?" አለ ሾፌሩ በደከመ ድምፅ። "ደግሞስ ያን ያህል ተጣድፌ የት ልደርስ ነው? መቃብር እንደሆነ አይዘጋ።"

ሻጩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሚስቱ ጥግ ላይ የቆመች ትንሽ ግራጫ መኪና አሳየች። አማቹ እሷማ የቀዩን ግማሽ ጉልበት እንደሌላት፣ ማርሿም በእጅ እንደሆነ እያጣጣለ ተናገረ። ሾፌሩ ቁልፏን የተቀበለው ለወጉ ያህል ነበር። ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሚስቱ ገባች፤ አማቹ ከነቁጥሩ ግቢው ውስጥ ቀረ።

ማርሹ ሲገባ መዳፉ ላይ ቀጭ ይላል። አስፋልቱ ላይ ያለች ጠጠር ሁሉ በመሪው በኩል ስሟን ትነግረዋለች። ኩርባው ላይ ማርሽ ቀነሰላት፤ እሷም እንደ ታዛዥ በቅሎ ታጠፈችለት።

"ምን ሆነሃል?" አለች ሚስቱ።

"ምን ሆንኩ?"

"ታፏጫለህ።"

"እኔ?"

"አይ፣ ጎማው ነው።"

የፍጥነት መለኪያውን አየ። ሃምሳ እንኳ አልሞላም፤ ቀዩ በዚህ ፍጥነት ያንቀላፋል። የሚስቱ ስልክ ጠራ። አማቹ ነው፤ መቶ ለመግባት ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ይጠይቃል።

"ገና አልገባችም በይው" አለ ሾፌሩ።

ወደ መሸጫው የሚመልሰው መታጠፊያ ደረሰ። ወገቡ ይጠዘጥዘዋል፣ የሚስቱም እግር አብጧል፤ ሁለቱም ቤት ገብተው ጋደም ማለት ነው ያማራቸው። ፍሬቻ አበራ። ከዚያ አጠፋውና ወደ ጠመዝማዛው ዳገት ቀጠለ።

"አለፍከው እኮ።"

"አለፍኩት።"

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።