የግማሽ ፔኒ ማኅተም

ሰሌዳው ላይ ከተሰቀሉት ገጾች ሰባተኛው ከማዕዘኑ ተላቀቀ። ኢሽበል በአውራ ጣቷ ደግፋ ዞር አለች። የውድድሩ ዳኛ ሚስስ ጌዲስ ሦስተኛው ሰሌዳ ጋ ደርሳለች። የኢሽበል አባት ሰሌዳ አምስተኛው ነው።

አባቷ ሎክላን ከሰሌዳው ጎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ከጥላ በቀር አይለይም። በስኮትላንዷ ኢንቨርነስ የድሮ ፖስታ ምልክት የሚሰበስብ ሁሉ ዛሬ ለዓመቱ ውድድር እዚህ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አለ። እሱ ደግሞ ይህ ውድድር የመጨረሻዬ ነው ብሏል።

"ሎክላን፣ ዘንድሮም ያቺኑ ወረቀት ይዘህ መጣህ?" አለ የጎረቤት ሰሌዳ ባለቤት ጊልበርት።

"አንተስ ያንኑ ሹራብ ለብሰህ መጥተህ የለ? በጠረኑ አወቅኩህ።"

ያቺ ወረቀት ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለችው ናት። ተጣጥፋ የታሸገች ደብዳቤ፤ ፊቷ ላይ የግማሽ ፔኒ ማኅተም። የፖስታ ሠረገላ በስኮትላንድ መንገዶች የኬላ ቀረጥ መክፈል ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1813፣ ደብዳቤ ላይ የተጨመረች የታክስ ምልክት ናት። ሎክላን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት ይላል። ሠላሳ ዓመት ኮርቶባታል። ሰብሳቢ ግን ፊቱን እንጂ ውስጡን አያይም፤ ከተከፈተ እጥፉ ይቀደዳልና።

ኢሽበል የተላቀቀውን ማዕዘን መልሳ ልታስገባ ስትል ደብዳቤው ተከፈተ። ስለ በግ፣ ስለ ሳል፣ የአክስት ሰላምታ። ከላይ ቀኑ፦ መጋቢት 9፣ 1811።

ደግማ አነበበችው። ታክሱ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው። ማኅተሙን ሌላ ሰው ነው በኋላ የመታው።

"አባዬ፣ ይቺን ከፍተሃት ታውቃለህ?"

"ምን በወጣኝ። አንቺም እንዳትነኪያት።"

"ዳኛዋ ትከፍታለች?"

"እሷማ የማትከፍተው የለም። አምና የጊልበርትን ከፍታ ጉድ አደረገችው።"

"እሰማሃለሁ" አለ ጊልበርት።

"ስማ። ሐሰተኛ ነው ብለህ ከሥሩ ብትጽፍ ማንም አይነካህም ነበር። እውነት ነው ብለህ ሰቀልክ፣ ከነሰሌዳህ አስወጣችህ።"

ዳኛዋ አራተኛው ጋ መጣች። መነጽሯን ጠረገች።

ኢሽበል ገጹን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ብትከተው ይበቃል። እሱ አያይም። ሽልማቱን ቢያገኝም ቢያጣም ደብዳቤዋን እንዳመናት ቤቱ ይገባል። የቦርሳዋን ዚፕ እስከ ግማሽ ከፈተችው።

"ምን ታደርጊያለሽ?" አለ ሎክላን። "አጎደፍሻት እንዴ?"

ዚፑን ዘጋችው። አጠገቡ ተንበረከከችና ደብዳቤዋን እንደተከፈተች ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹ እጥፉን ዳሰሱ፣ ቆሙ።

"ላንብብልህ አባዬ።"

"አሁን?"

"አሁን። ዳኛዋ ሳትደርስብን፤ ከሥሩ የምንጽፈው ይኖራል።"

ከቀኑ ጀመረች።