የተሰበሰበችው አሥር ፍራንክ

ሶላንዥ በሳንቲም ማተሚያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አዲሷ የአሥር ፍራንክ ሳንቲም ለሙከራ ስትታተም፣ «ይቺ ከግማሽ ፍራንኳ ጋር በመጠንም በቀለምም ትምታታለች» ብላ ለአለቃዋ ለካስታኜ ደብዳቤ ጻፈች። ያሰበችው ጋዜጣ ሻጩን ዓይነ ስውር ወንድሟን ነበር። ካስታኜ ግን «አንቺ የማተሚያ መኪናሽን ጠብቂ፤ መልኩን ለሠዓሊዎቹ ተዪላቸው» ብሎ በሰው ፊት አሳቀባት።

ሳንቲሟ በወጣች በጥቂት ወራት አገሩ በሙሉ «ተምታታችብን» ብሎ ጮኸ፤ መንግሥትም ከገበያ ሰበሰባት። ካስታኜ በየሣጥኑ የተመለሱት እንዲቀልጡ አዘዘና «ምን ይደረግ፣ ሕዝቡ አያስተውል!» አለ።

የሶላንዥ ደም ፈላ። ከሣጥኑ አንድ አሥር ፍራንክ፣ ከኪሷ አንድ ግማሽ ፍራንክ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ዓይንዎን ይጨፍኑና አሥሯን ይስጡኝ፣ ሙሲዮ ካስታኜ።»

«ቀልዱን ተዪው፣ ሶላንዥ።»

«ወንድሜ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ሥራ ነው። ወይስ ፈሩ?»

ሠራተኛው ሁሉ አፈጠጠበት። ካስታኜ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደባብሶም አንዷን ዘረጋላት። ግማሽ ፍራንኳ ነበረች።

«እርስዎም አያስተውሉማ!» አለችው። «ደብዳቤዬን አምጥተው እዚሁ ያንብቡልን። እስከዚያ የማቅለጫውን ምድጃ አልነካም።»

ሌሎቹም ጓንታቸውን አወለቁ። ካስታኜ ፊቱ ቀልቶ ወደ ቢሮው ሄደ፤ ደብዳቤውን ይዞ ተመለሰና እየተንተባተበ አነበበው።

የሶላንዥ ንዴት ግን አልበረደም። ወንድሟ በግማሽ ፍራንክ ፈንታ ለመልስ የሰጣቸውን ባለ አሥር ፍራንክ ሳንቲሞች ማን ይመልስለታል?