የሳጅን ሮስኮ ስም

ሮስኮ ቲለሪ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በአዘቦት ቀን ቧንቧ ይጠግናል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን የ1863 ሳጅን ነው። የጥንቱን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ልክ እንደነበረ አድርጎ በሚያሳየው የፔንሲልቬኒያ ማኅበር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሰልፏል፣ ተኩሷል፣ በየዓመቱም አንድ አንድ ጊዜ ሞቷል። የሰማያዊ ኮቱን የቁልፍ ቀዳዳዎች በሙሉ የሰፋው በገዛ እጁ ነው። በ1863 ያልነበረውን የእጅ ሰዓት ሳያወልቅ ሰልፍ የገባ ሰው ካየ ያብድ ነበር።

የዘንድሮው ትልቅ ውጊያ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው አዲሱ ካፒቴን ዋይላንድ ሃያውን ሰው አሰለፈና ደንብ ማንበብ ጀመረ። ዋይላንድ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሾመው የማኅበሩ ቦርድ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

"ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው አይሰለፍም" ሲል አነበበ። "የዚያን ጊዜው ወታደር የሃያ ምናምን ዓመት ከሲታ ልጅ ነበር። ሳጅን ሮስኮ፣ እርስዎ ከድንኳኑ አጠገብ የብስኩት ነጋዴ ሆነው ይቀመጣሉ። የብስኩቱን በርሜልም አዘጋጅተንልዎታል።"

ከሰልፉ ሃምሳን ያለፈው ሮስኮ ብቻ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ዴልበርት ሃምሳ የሚሞላው በኅዳር ነው፤ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም።

"በል እንግዲህ ሽማግሌው፣ ብስኩትህን ሽጥ! የውስጥ ሱሪዬን ላስቲክ አይተህ ከሰልፍ ያባረርከኝን ረሳኸው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሮስኮ አልሳቀም፤ ፊቱ ቀልቷል።

"ላስቲክ ይወልቃል" አለ። "ዕድሜ ምኑ ይወልቃል? ካፒቴን፣ እንደ ጥንቱ ይሁን ካልክ ሁሉም እንደ ጥንቱ ይሁን። የደንብህን ገጽ አራት አንብብልን።"

ዋይላንድ ገጽ አራትን በቃሉ ያውቀዋል። የጥንቶቹን ወታደሮች ደብዳቤ አገላብጦ የጻፈው ራሱ ነው። 'ፈቃደኞቹ ወታደሮች ካፒቴናቸውን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ' ይላል።

"አንተን የሾመህ ቦርዱ ነው" አለ ሮስኮ። "በ1863 ቦርድ የሚባል ነገር ነበር እንዴ? አሁኑኑ እንምረጥ! እኔ ካንተ ጋር እወዳደራለሁ።"

ዋይላንድ ላብ አጠመቀው፤ እንቢ ቢል የራሱን ደንብ ሊያፈርስ ነው። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "እኔን የሚመርጥ ከኋላዬ፣ እሱን የሚመርጥ ከኋላው ይቁም።"

ከሮስኮ ኋላ ስምንት ሰው ቆመ። ከዋይላንድ ኋላ አሥራ አንድ፤ ዴልበርትም እዚያው ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጁ ከመጣ ወዲህ ሰልፉ አምሯል፤ ድሮ ይስቁባቸው የነበሩ ማኅበራት ዛሬ ይጋብዟቸዋል። ይህን ሮስኮም ያውቃል፤ ግን ዴልበርትን እዚያ ማዶ ሲያየው ሴንጢውን አወጣ።

የሳጅንነት ምልክቱን ከክንዱ ላይ ተርትሮ ጣለው። ከዚያ ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

"ካፒቴን አልሆንኩም፤ ሳጅንም አልሁን። ተራ ወታደር ነኝ። ከዚህ የሚያወጣኝ ካለ ተሸክሞ ያውጣኝ። ያበጠው ይፈንዳ!"

ዋይላንድ ሌሎቹን እንዲሰለፉ አዘዘና የስም መጥሪያ ደብተሩን ገለጠ። የመጀመሪያው ስም የሮስኮ ነው፤ በቀይ ተሰርዟል። ዘለለውና ሁለተኛውን ጠራ።

"ዴልበርት ሃፍ!"

ዴልበርት ዝም አለ።

"ዴልበርት! ፊት ለፊቴ ቆመህ የለም እንዴ?"

ዝም። ሦስተኛውን ጠራ፤ ዝም። አራተኛውን ጠራ፤ እሱም ዝም። ከሜዳው ማዶ የጠላት ወገን ከበሮ መመታት ጀምሯል። ዋይላንድ ደብተሩን ዘጋው።

"አሁን አይደለም እንዴ የመረጣችሁኝ?"

"መረጥንህ" አለ ዴልበርት፤ አሁን አይስቅም። "ካፒቴንነቱን ሰጠንህ እንጂ ሮስኮን አልሰጠንህም።"

ሮስኮ ወደ ዴልበርት አልዞረም። ቢዞር እንባው እንደሚያዋርደው ያውቃል፤ ጠመንጃውን ጨብጦ ፊት ለፊት አፈጠጠ።

ዋይላንድ ከበሮውን ሰማ፣ ሰልፉን አየ፣ ደብተሩን እንደገና ገለጠው።

"ሮስኮ ቲለሪ" አለ በለሆሳስ።

"አልተሰማኝም!" አለ ሮስኮ። "በ1863 እንደዚህ አይጠሩም!"

ዋይላንድ ደረቱን ነፋ።

"ሮስኮ ቲለሪ!"

"አለሁ!"