የመሪጌታ በዕውቀቱ ሰማያዊ ቀለም

መሪጌታ በዕውቀቱን የሞላሌ ከተማ ሰው በሙሉ አንቱ ይለዋል። ለዚህ ታሪክ ግን አንቱታው ይቅርበት፤ አይገባውም።

የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነው። የክርስትናውን፣ የጋብቻውን፣ የእርቁን፣ የኑዛዜውን ወረቀት ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው፤ የሚጽፈውም ቀለም በሚሞላ ብዕር ነው። ታዲያ ውድ ዕቃ እንዳይመስላችሁ! ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሱቅ የገዛው፣ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንኳ የማያወጣ የቻይና ብዕር ነው። ግን እጁ ላይ ሲያዩት! ክዳኑን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ፈትቶ፣ የብረት ጫፉን በቁራጭ ጨርቅ ጠርጎ ሲጀምር ፊደሉ ቁጭ ቁጭ ይላል። ሳይጫኑት ይሄዳል፤ እጅ አያደክምም። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አይፈርድበትም።

ባለሱቁ ሁለት ብልቃጥ ቀለም አሳይቶት ነበር። "ጥቁሩን ውሃ አያስለቅቀውም፤ ግን ብዕሩን ቶሎ ቶሎ ካላጠቡት ይደፍንብዎታል። ሰማያዊው አይደፍንም፤ ውሃ ካገኘው ግን ይለቃል" አለው። በዕውቀቱ ሰማያዊውን ያዘ። ብዕር ማጠብ ሰለቸው፣ በቃ! ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንዲያውም ወረቀት ባስረከበ ቁጥር፣ "እኔ የጻፍኩትን እንኳን ዝናብ፣ የጥፋት ውሃም አያነሳው!" እያለ ይኩራራል።

ባለፈው ዓመት ከሁዳዴ በፊት አቶ ተገኘ ሲያጣጥሩ ለኑዛዜ ተጠራ። ሽማግሌው ልጅ የላቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለገለቻቸው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ታጎርሳቸው የነበረችው ኮከቤ ነበረች። ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር በዕውቀቱ ጆሮውን አፋቸው ላይ ደቅኖ ሰማ፤ ቤቱና ጓሮው ለኮከቤ ይሁን አሉ። ጻፈው። አራቱ ምስክሮች ማንበብ አይችሉም፤ ባሳያቸው ቦታ አውራ ጣታቸውን በማኅተም ቀለም እየነከሩ አሻራቸውን አኖሩ። ይነበብ ሲባል ሽማግሌው አረፉና ለቅሶው ቀለጠ። ሳይነበብ ቀረ።

የሟቹ የወንድም ልጅ ዳኜ ቤቱን ፈልጎታል። ኮከቤ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ብታኖር ፈተሸባት፤ እህል ውስጥ ብትደብቅ እዚያም በረበረባት። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ወገቧን አሟት ሰባት ቀን ጠበል ስትገባ እንኳ አልፈታችውም። ለምን ትፍታው? የጥፋት ውሃ የማያነሳውን ጽሑፍ ጠበል ያነሳዋል ብላ በምን ታስብ!

ዳኜ ሽማግሌ አስቀመጠ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰቡ። ኮከቤ ደስ ብሏት ቋጠሮዋን ፈታች። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ባዶ ነው። በማኅተም ቀለም የታተመው አራት የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ቀርቷል።

"ውይ! ውይ ወረቀቴ!" አለች። ከዚያ በዕውቀቱን ስታይ ፊቷ መለስ አለ። "ግዴለም፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ይንገሩልኝ መሪጌታ።"

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ አትናቴዎስ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና፣ "የእርስዎ ጽሑፍ በውሃ ይጠፋል እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

በዕውቀቱን ላብ አጠመቀው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን ይጠፋል ካለ፣ የስድስት ዓመቱ የደብሩ መዝገብ በዚሁ ቀለም ነው የተጻፈው። ነገ አገሩ ሁሉ ወረቀቱን እየያዘ ይመጣበታል፤ ጸሐፊነቱ ይቀራል፤ ገበያው ይስቅበታል። ዳኜ አልከፈለውም፤ እንዲያውም ዳኜን አይወደውም። ለኮከቤ አዘነላት፤ ከልቡ አዘነላት። ለራሱ ግን ይበልጥ አዘነ።

"የእኔ ጽሑፍ አይጠፋም" አለ። "ይህ የእኔ ወረቀት አይደለም።"

"ታዲያ ሟቹ ምን አሉ?"

"ያሉትን ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ዋናውን ታምጣው።"

"ዋናው ይኸው!" ብላ ጮኸች። "ወላዲተ አምላክን፣ ዋናው ይኸው!"

ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ፣ "እሳቸው የእኔ አይደለም ካሉ እኛ ምን እናውቃለን?" አለ። ዳኜ እንኳ ማመን አቅቶት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ኮከቤ በስምንት ቀን ውስጥ ቤቱን እንድትለቅ ወሰኑ። ውሳኔውን የሚጽፈው ያው ጸሐፊው ነው፤ ባማረ ፊደል ጻፈው። እሷም መስማማቷን በአሻራዋ ማረጋገጥ አለባት ተባለ። ቀረበች። የቱ ጋ እንደምታኖር ስታጣ በዕውቀቱ አውራ ጣቷን ያዘላት።

"ምን አደረግኩዎት መሪጌታ?" አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

ቀና ብሎም አላያት። ጣቷን የማኅተም ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ አኖረው።

"ጫን በዪው እንጂ" አላት፤ "እንዳይደበዝዝ።"